«የመዳንን ራስ ቁር ያዙ»፦ ይያዛል ወይስ ይደፋል?

ኮምቦልቻዊ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አንድ ቃል አስቸግሮኝ ነው የመጣሁት። የምሠራው እዚሁ ኮምቦልቻ፣ ብረት የሚቆረጥበት ፋብሪካ ውስጥ ነው። በራችን ላይ በትልቁ «ቅድሚያ ለደኅንነት» ተብሎ ተጽፏል። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ፤ እጁ የተባረከ ሠራተኛ ነው። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ከገባ ወዲህ ግን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። ቀንም እጁ ሥራው ላይ ሆኖ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ይውላል። ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ የኪስ ሐዲስ ኪዳኑን ገልጦ ኤፌሶን 6፥17ን አሳየኝ፤ «የመዳንንም ራስ ቁር የመንፈስንም ሰይፍ ያዙ» ይላል። «ጋሼ፣ ራስ ቁር ማለት ይኼ ሄልሜት ነው? ከሆነስ እንዴት 'ያዙ' ይላል? ደግሞ መዳን ጭንቅላትን የሚጠብቀው ምን አድርጎ ነው?» አለኝ። ሄልሜቱን ብብቱ ሥር ይዞታል። የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ምሳ ሲደርስ ሁሉም ያወልቃል። እኔ «ቁር» ሲባል የማውቀው ብርዱን ስለሆነ መልስ አጣሁ። የምታውቁ አስረዱኝ።

የሸዋ በር ልጅ፦
እኔም ልጅ ሆኜ ለብርድ የሚደረግ ቆብ ይመስለኝ ነበር። ደሴ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ማን ራሱን ሳይሸፍን ይወጣል? በኋላ የጎልያድን ታሪክ ሳነብ ነው የተቃናልኝ። 1ኛ ሳሙኤል 17 ላይ «በራሱም የናስ ቁር ደፍቶ ነበር» ይላል። ናስ ደግሞ የጦር ነገር እንጂ የብርድ አይደለም።

እመ ጦሳ፦
ወንድሜ ኮምቦልቻዊ፣ ልጁ የጠየቀህ ጥያቄ ሠላሳ ዓመት አማርኛ ሳስተምር ከተማሪ ሰምቼው የማላውቀው ጥያቄ ነው። እግዚአብሔር ይባርከው። ቀስ ብዬ ልመልስ።

የሸዋ በር ልጅ መንገዱን አቅንቶታል። ብርዱን የምንልበት «ቁር» እና በመጽሐፍ ቅዱሳችን ያለው «የናስ ቁር»፣ «ራስ ቁር» በትርጉም አይገናኙም። ሁለተኛው ወታደር ራሱ ላይ የሚደፋው የብረት ወይም የናስ ክዳን ነው። ግዕዙ «ጌራ» ይለዋል። ግሪኩ «ፔሪኬፋላያ» ነው፤ «በራስ ዙሪያ ያለ» እንደማለት። ስለዚህ ልጁ ሄልሜት ማለቱ ልክ ነው።

አሁን ወደ «ያዙ» ልምጣ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አማርኛችን ለአለባበስ አንድ ግስ አይበቃውም። ቀበቶ ይታጠቁታል፣ ልብስ ይለብሱታል፣ ጫማ ይጫሙታል፣ ነጠላ ይከናነቡታል፣ ጥምጥም ይጠመጥሙታል፣ ዘውድና ቆብ ይደፉታል። ኤፌሶን 6ን የተረጎሙት ሊቃውንት ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። «ወገባችሁን በእውነት ታጥቃችሁ» አሉ፤ «የጽድቅንም ጥሩር ለብሳችሁ» አሉ (ጥሩር ደረትን የሚጠብቅ የጦር ልብስ ነው)፤ እግሮቻችሁ «ተጫምተው» አሉ፤ ጋሻውን «አንሡ» አሉ። ራስ ቁሩ ላይ ሲደርሱ ግን «ድፉ» አላሉም። ረስተው አይደለም። በግሪኩ ራስ ቁሩና ሰይፉ የተያያዙት በአንድ ግስ ነው፤ ያም ግስ «ዴክሳስቴ» ነው፣ «ተቀበሉ» ማለት። ሰው ከሌላ እጅ የሚቀበለውን ነገር ነው የሚናገረው። «ያዙ» ሲሉ እኛ አንድ ነገር ለሰው ስንዘረጋ «እንካ፣ ያዝ» የምንለውን ያዝ ብላችሁ አንብቡት፤ ያን ጊዜ ይገባል። ብብት ሥር መያዝ አይደለም።

ከማን ነው የሚቀበሉት? ጳውሎስ ምሳሌውን ከሮማ ወታደር ብቻ አልቀዳም። ኢሳይያስ 59፥17ን ክፈቱ። ጽድቅን እንደ ጥሩር የለበሰው፣ የማዳንን ራስ ቁር በራሱ ላይ ያደረገው እግዚአብሔር ራሱ ነው። የሚማልድ ሰው እንደሌለ አይቶ፣ ለተበደለው ሊዋጋ ሲነሣ የደፋው ቁር ነው። እንግዲህ በሰንሰለት የታሰረው ጳውሎስ «ተቀበሉ» ሲል የሚሰጠን እግዚአብሔር ደፍቶት የተዋጋበትን ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አለቅሳለሁ።

ዳዊትም «በሰልፍ ቀን ራሴን ሸፈንህ» ይላል። በዕብራይስጡ ቁጥር መዝሙር 140 ነው፣ በግዕዙ ዳዊት 139። ሸፋኙ ማን እንደሆነ ተመልከቱ።

ዘገራዶ፦
እመ ጦሳ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ በቃሉ ግን ደስ ብሎኛል። «ደኅና» የሚለው ከዚሁ ከመዳን የመጣ ነው? ጎረቤቴ የሆኑ ክርስቲያን እናት ሁሌ «ደኅና ያሳድርህ» ይሉኛል፤ እኔም አሚን እላለሁ።

እመ ጦሳ፦
አሚን ይበሉ። አዎ፣ ሥሩ ድኅነ ነው። ደኅና፣ ደኅንነት፣ ድኅነት፣ መድኃኒት፣ መድኃኔ ዓለም ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በግዕዝ «መድኃኒት» የሚጠጣውን ብቻ ሳይሆን መዳንን ራሱንና አዳኙንም ይላል። «እግዚአብሔር ብርሃኔና መድኃኒቴ ነው፥ የሚያስፈራኝ ማን ነው?» የሚለውን ልጆች ሲሰሙ ሽሮፕ ያስባሉ፤ ማረም ያለብን እኛ ነን። ኮምቦልቻዊ፣ በራችሁ ላይ ያለው «ደኅንነት»ም ይኸው ቃል ነው። የፋብሪካው ሄልሜት የደኅንነት ቆብ ከተባለ ጳውሎስ የሚለውም በቃሉ የደኅንነት ራስ ቁር ነው። ቋንቋችን ሁለቱን እንዲህ ያቀራርባቸዋል።

አንድ የአጻጻፍ ነገር ግን አደራ። ድኅነት በኅ ነው። አሁን በስልክ ሁሉም «ድህነት» ብሎ ይጽፈዋል፤ ያ ደግሞ የድኻ ኑሮ ነው። «የክርስቶስን ድህነት ተቀበሉ» የሚል ጽሑፍ አይቼ አዝኛለሁ።

የሸዋ በር ልጅ፦
በእኛ ጉባኤ «ድነት» እንላለን፣ እናንተ ዘንድ «ድኅነት» ይባላል፤ ያው ነው። እኔ ልጠይቅ የምፈልገው ሌላ ነው። ጉባኤ ላይ «የዳነ ሰው አይጨነቅም፣ ራስ ቁር ደፍቷልና» ሲባል እሰማለሁ። ያ ልጅ እንቅልፍ ያጣው ስላልዳነ ነው እንዴ?

እመ ጦሳ፦
በፍጹም! እንዲህ ያለውን ነገር ለተጎዳ ልጅ አትንገሩት፣ እለምናችኋለሁ። ራስ ቁር የሚደፋው ምት ባለበት ቦታ ነው። ምት ከሌለ ለምን ይደፋል? ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ 5፥8 «የመዳንንም ተስፋ እንደ ራስ ቁር እየለበስን» ሲል ተስፋ የሚለውን ቃል የጨመረው ውጊያው ገና ስላላለቀ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐኪም ቤትም ይሂድ፣ ጸበልም ይጠመቅ፣ ንስሐ አባቱንም ያናግር። መድኃኒት የሚለው ቃል ሁሉንም እንደሚያቅፍ አሁን ብለናል።

«መዳን ጭንቅላትን እንዴት ይጠብቃል» ላለው ደግሞ ይህን ንገረው። በአማርኛ ማሰብ የሚውለው ጭንቅላት ውስጥ አይደለም፣ ልብ ውስጥ ነው። አስተውል ስንል «ልብ በል» እንላለን። ሮሜ 12፥2 በግሪኩ «ኑስ» ይላል፣ አእምሮ ማለት ነው፤ የእኛ መጽሐፍ «በልባችሁ መታደስ ተለወጡ» ብሎ ተረጎመው። አልተሳሳቱም፣ በአማርኛ አሰቡ እንጂ። ስለዚህ ራስ ቁሩ የሚጠብቀው ልቡናን ነው። ሐሳብ ሲመጣ፣ «አልቆልሃል፣ ማንም አያስታውስህም» የሚለው ድምፅ ሲመጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ «የማን እንደሆንክ ታውቋል» የሚለው እርሱ ነው። ፊልጵስዩስ 4፥7 የእግዚአብሔር ሰላም «ልባችሁንና አሳባችሁን … ይጠብቃል» ሲል ልብንና አሳብን ጎን ለጎን ያቆመውም ለዚህ ነው።

ዘገራዶ፦
ልብ ካሉ አይቀር እኔም አንድ ልጨምር። «ቀልቡ ተገፈፈ» የምንለው ቀልብ በዓረብኛ ልብ ማለት ነው። «አቅሉን ሳተ» የምንለው አቅል ደግሞ አእምሮ ነው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም በሁለቱም ይናገራል። እናቴ በድንጋጤ የታመመ ሰው ስትጠይቅ «ቀልብህን ይመልስልህ» ነው የምትል።

እመ ጦሳ፦
ልጄ፣ የምፈልገውን አመጣህልኝ። «ቀልብህን ይመልስልህ»፣ «ልቡና ይስጥህ»፣ «ልብ ይስጠው»። የወሎ ምርቃት በሙሉ እንዲህ ነው። ማንም ለማንም «ልቡናህን ራስህ ሥራው» ብሎ አይመርቅም። ይስጥህ ነው የሚባለው፤ የሚሰጥ አለና የሚቀበልም አለ። የእኛ አያቶች ግሪክ ሳያውቁ ዴክሳስቴን ተናግረውታል።

ኮምቦልቻዊ፦
ሁላችሁንም ያክብርልኝ። ዛሬ ምሳ ላይ ልጁን አናገርኩት። እናንተ ያላችሁትን ሁሉ ልነግረው አልቻልኩም፣ ጉሮሮዬ ተያዘ። ሄልሜቱን ተቀብዬ ገለበጥኩና ውስጡን አሳየሁት። ራስን የሚነካው ከላይ ያለው ቅርፊት ሳይሆን ከውስጥ ያለው የመቀነት መረብ ነው። በመረቡና በቅርፊቱ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ነገር ሲወድቅ ቅርፊቱ ይመታል፣ ምቱን የሚያበርደው ግን ያ ክፍተት ነው። አንዳንዱ እዚያ ውስጥ ስልኩን፣ ሲጋራውን ይሸጉጣል፤ ያን ጊዜ ምቱ ሳይበርድ አልፎ ራስ ላይ ይደርሳል። «ያ ሌሊት የሚመጣብህ ሐሳብ ይመታሃል፤ ግን አንተ ጋ ሳይደርስ የሚያርፍበት አለ» አልኩት። ከዚያ «እንካ፣ ያዝ» ብዬ ሰጠሁት።

በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ወዲያው አልደፋውም፤ ውስጡን ሲያየው ቆየ። «ጋሼ፣ ያ ኢሳይያስ የት ጋ ነበር ያልከኝ?» አለኝ። 59፥17 አልኩት። የኪስ መጽሐፉ ሐዲስ ኪዳን ብቻ ስለሆነ ኢሳይያስ የለውም፤ ነገ ከቤት ሙሉውን አመጣለታለሁ።