በዓባይ ላይ ለትልቅ ነጭ ዓሣ የትኛውን ትንሽ ዓሣ መንጠቆ ላይ ላድርግ?

የመራዊው

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው መራዊ ነው። እሁድ እሁድ ጊዜ ሳገኝ አንዳሳ ከዓባይ ጋር ከሚቀላቀልበት ዝቅ ብዬ በመንጠቆ አጠምዳለሁ። በትል የማወጣው ከመዳፌ የማይበልጥ ነጭ ዓሣ ነው፤ አልፎ አልፎም አምባዛ ይይዝልኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ከእኔ ትንሽ ራቅ ብለው የተቀመጡ አንድ ሰው ክንድ የሚያህል አፈ ሰፊ ነጭ ዓሣ ሲያወጡ አየሁ። መንጠቆው ላይ ያደረጉት ትል ሳይሆን ትንሽ ዓሣ ነበር። ምን ዓይነት እንደሆነ ልጠይቃቸው ስጠጋ ዕቃቸውን ሰብስበው ተነሡ።

ለእኔ የሚቀርበኝ የቆጋ ግድብ ነው። እዚያ ዳር ዳሩን የቆሮሶ ጫጩት ሞልቷል። በጀሪካን ውኃ አድርጌ ሕይወት እንዳለው ወደ ዓባይ ብወስደው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቆሮሶ ይሻላል ወይስ ሌላ? መጠኑስ? የምታውቁ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

ጨራጨራ ማዶ

ወንድሜ፣ የቆሮሶውን ጫጩት እዚያው ቆጋ ተወው። ሁለት ምክንያት አለኝ።

የመጀመሪያው የዓሣው ጉሮሮ ነው። ጣና ውስጥ ተመራማሪዎች 15 ዓይነት ትልልቅ ነጭ ዓሣ ለይተዋል፤ ላቤዮባርበስ ይሏቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ናቸው። አንተ ያየኸው አፈ ሰፊ ከእነሱ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ዋና መኖሪያቸው ሐይቁ ቢሆንም ከጨራጨራ፣ ማለት ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ግድብ፣ በታች ባለው ዓባይም ይገኛሉ። አሁን ያን አፍ ከፍተህ ጣትህን መንጋጋው ላይ አሂድ፤ አንድም ጥርስ አታገኝም። ጥርሳቸው ያለው ወደ ውስጥ፣ ጉሮሯቸው ዘንድ ነው። ስለዚህ የያዙትን ነክሰው መቁረጥ አይችሉም፤ ሙሉውን በዚያ ጠባብ ጉሮሮ ማሳለፍ አለባቸው። አፉ ሰፊ ነው ብለህ ትልቅ ዓሣ ብትሰጠው ይጎርሰውና መልሶ ይተፋዋል። ክሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጎትቶ ባዶውን የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቆሮሶ ደግሞ ገና ጫጩት ሳለ ጀምሮ ጎኑ ሰፊ ነው፤ የጀርባው ክንፍም እሾህ አለው፤ ሲያዝ ያቆመዋል። ለጠባብ ጉሮሮ ከዚህ የከፋ ምግብ የለም። ያወጣሁትን አፈ ሰፊ አንጀቱን ስከፍት የማገኘው ቀጫጭን፣ ብርማ፣ እሾህ የሌላቸው ትንንሽ ዓሦች ነው። ከእሱ የተሻለ መምህር አላውቅም። የበላውን ስጠው።

ከዓባይ ዳር የምትመርጠው እንግዲህ ከሁለት አንዱን ነው።

አንደኛው እነዚያ ጥልቀት በሌለው ውኃ በመንጋ የሚሄዱት ብርማዎቹ ናቸው። ብዙ ሰው የትልቁ ነጭ ዓሣ ልጆች ይመስሉታል። አይደሉም፤ ራሳቸውን የቻሉ፣ አድገው አድገው ከጣት እምብዛም የማያልፉ ዝርያዎች ናቸው። ቅርፊታቸው ስለሚያብረቀርቅ ውኃው ጠርቶ ፀሐይ ሲወጣ ከሩቅ ይታያሉ፤ ነጭ ዓሣ ደግሞ የሚያድነው በዓይኑ ነው። ጉድለታቸው ስስ መሆናቸው ነው። በእጅህ ጨብጠህ ከያዝካቸው ቅርፊታቸው ይረግፍና ወዲያው ይሞታሉ። እጅህን አርጥበህ ያዝ፤ ውኃውንም ቶሎ ቶሎ ቀይር።

ሁለተኛው ፈጣን ውኃ ባለበት ድንጋይ ላይ የሚጣበቀው ጥቁር ቡናማ ትንሽ ዓሣ ነው። ገልብጠህ ብታየው ከአፉ ሥር ክብ መጣበቂያ አለው። ተመራማሪዎች ጋራ ይሉታል። እኔ የምወደው እሱን ነው። ሰውነቱ እንደ እርሳስ ድቡልቡል ነው፣ እሾህ የለውም፣ ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ መንጠቆ ላይ ብዙ ሰዓት ይቆያል። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ ታች ከደረሰ ድንጋይ ላይ ይለጠፍና አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ክሩን የሚያሰጥመውን ክብደት ከታች አስረህ ዓሣውን ከክብደቱ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገህ በቅርንጫፍ ክር አንጠልጥለው። መሬቱን መንካት ሳይችል ሲቀር ሳያቋርጥ ይዋኛል፤ አፈ ሰፊውን የሚጠራውም ያ እንቅስቃሴ ነው።

መጠኑ ከመሐል ጣትህ አይብለጥ፤ ቢያንስ ይሻላል። መንጠቆውን ከታችኛው ከንፈር አስገብተህ በላይኛው አውጣው። ውኃው የቆመ ከሆነ ከጀርባ ክንፉ ኋላ፣ ከአከርካሪው በላይ በስሱ ውጋው። አከርካሪውን ከነካህ ወዲያው ይደነዝዛል።

ወደ ሁለተኛው ምክንያቴ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ብናገር አትቀየመኝ። ዓሣን ሕይወት እንዳለው ከአንድ ውኃ ወደ ሌላ አትውሰድ። ቆጋ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና ስለሚገባ ውኃው አንድ ነው ትለኝ ይሆናል። ነገር ግን በጀሪካኑ ውስጥ የሚሄደው ዓሣው ብቻ አይደለም፤ ጥገኛ ትሉም በሽታውም አብሮት ይሄዳል። ዛሬ ከቆጋ ያመጣ ሰው ነገ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያመጣል። ያ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ከታች የሚመጣ ዓሣ አይወጣውም። ጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ነጭ ዓሦች ያፈራውም ስለተዘጋ ነው። ተፈጥሮ የዘጋችውን በር በጀሪካን መክፈት ለእኔ ትልቅ በደል ነው።

ዓሣው እንደሆነ ቀድሞውንም ተጎድቷል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ በኋላ፣ በባሕር ዳር በኩል ባለው የሐይቁ ክፍል ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ብዛት በ75 በመቶ እንደቀነሰ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ የመንጠቆ ዓሣህን እዚያው ከምታጠምድበት ቦታ ያዝ። በአጎበር ግን አይሁን፤ አጎበር የዕለት ጫጩቱን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል። ቅርጫት ውስጥ የእንጀራ ፍርፋሪ አድርገህ ዳር ላይ ብታጠልቀው ብርማዎቹ ራሳቸው ይገባሉ። የተረፈህንም እዚያው ልቀቀው።

የሞጣ ልጅ ከቨርጂኒያ

ከላይ የተጻፈው እኔ ካለሁበት አገር ልምድ ጋር መግጠሙ ገረመኝ። ሞጣ ተወልጄ አሁን የምኖረው አሜሪካ ነው። እዚህ በወንዝ የሚታደን ስትራይፕድ ባስ የሚባል ዓሣ አለ፤ ጎኑ ላይ ከጭንቅላት እስከ ጅራት የሚወርዱ ጥቁር መስመሮች አሉት። ባሕር ውስጥ ይኖርና በጸደይ ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣል። ግድብ ውስጥ ተዘግተው የቀሩም አሉ።

የእሱ ጉሮሮ እንደ ነጭ ዓሣ አይጠብም፤ ሰዎች ሻድ የሚባል መዳፍ የሚያህል ዓሣ መንጠቆ ላይ ያደርጉለታል። ምርጫው ግን ያው ነው፦ ብርማ፣ ክንፉ ለስላሳ፣ እዚያው ወንዝ ውስጥ የሚኖር። ሻድም ስስ ነው። ማዕዘን ባለው ገንዳ ከተቀመጠ አፍንጫውን እየገጨ ስለሚሞት በክብ ገንዳ ውስጥ አየር እየተነፋለት ይያዛል። የመራዊው ወንድሜ ጀሪካኑን ትቶ ክብ ባልዲ ቢይዝ ለብርማዎቹም ይበጃቸዋል እላለሁ።

ሕጉም ጥብቅ ነው። ሄሪንግ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ቀድሞ ተወዳጅ የመንጠቆ ዓሣ ነበር፤ ቁጥሩ ስላሽቆለቆለ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከወንዝ መያዝ ተከልክሏል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በምሥራቁ ጠረፍ ስትራይፕድ ባስን ለመዝናኛ በተፈጥሮ ምግብ የሚያጠምድ ሁሉ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ እንዲጠቀም ተደንግጓል። ክብ መንጠቆ ብዙውን ጊዜ ሆድ ውስጥ አይሰካም፤ የከንፈር ዳር ይይዛል። መልሰህ የምትለቀው ዓሣ ይተርፍልሃል። ባሕር ዳር ከተገኘ ግዙት።

የመራዊው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቆሮሶውን ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ አምባዛ ብፈልግስ? እሱም ብርማውን ነው የሚበላው?

ጨራጨራ ማዶ

አምባዛ ሌላ ነው። የሚያድነው በማሽተትና በጢሙ ስለሆነ ሕይወት ያለው ዓሣ አያስፈልገውም። ሌሊት ወይም ውኃው ሲደፈርስ፣ ደሙ ያልታጠበ፣ ቤሶ የሚባለውን ዓሣ ወይም የቆሮሶ ቁራጭ አድርግለት። ቆሮሶ እዚህ ላይ ጥሩ ነው፤ እሾሁን ቆርጠህ ጣል። ከዓሣ ሻጭ የገዛኸው የዓሣ ጭንቅላትና አንጀትም ይሆናል። ከታች፣ ጭቃው ላይ ይቀመጥ።

አባ ዘጌ

ልጆቼ፣ ጥሩ ተነጋግራችኋል። እኔ የምጨምረው ስለ ጊዜው ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ አንዳንዱም እስከ ጥቅምት፣ ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣል። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ ሆዷ በዕንቁላል የተወጠረ ዓሣ ስትይዝ ብትለቃት የሚመጣውን ዓመት ዓሣ አተረፍክ ማለት ነው። ውኃውም ያን ጊዜ ድፍርስ ስለሆነ በብርማ ዓሣ ብዙ አትጠቀምም። ከኅዳር ጀምሮ ጠርቶ ታገኘዋለህ።

ሌላው ጉማሬ ነው። በአንዳሳ በኩል ዳሩ ላይ ሣሩ ተግጦ ወደ ውኃ የሚወርድ የተረገጠ መንገድ ካየህ እዚያ አትቀመጥ። ሳይመሽ ተነሥ።

የመራዊው

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የሚቀጥለው እሁድ ቅርጫቱን ይዤ ድንጋያማው ጋ እወርዳለሁ። ክብ መንጠቆ ባሕር ዳር የት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።

ጨራጨራ ማዶ

የማጥመጃ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አልፎ አልፎ ያመጣሉ፤ አነስ ያለውን ጠይቅ። ካጣህ ተራውን መንጠቆ ውሰድና ከጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቀው፤ ሲለቀቅ ዓሣውን አይቀድም። ክሩን ግን ሳታላላ ያዝ፤ እሾህ የሌለው መንጠቆ ክሩ ከላላ ያመልጥሃል።