ከቻይና ጧፍ ላስመጣ ነበር፣ 108 ፐርሰንት አንቲ ዳምፒንግ አለበት አሉኝ። እውነት ነው?

ሱቅ_ሜሪላንድ
ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ነጠላ፣ ዕጣን፣ ሲኒ፣ ጀበና ምናምን ነው የምሸጠው፣ ፋሲካ ሲደርስ ግን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጧፍ ነው። እስካሁን ከሌላ አከፋፋይ ነበር የምወስደው፣ አሁን ዋጋው አልቀመስ አለና ራሴ ላስመጣ ብዬ ኢዉ ከተማ ካለ ፋብሪካ ጋር በ14,000 ዶላር ተነጋገርን፣ የፓራፊን ነው፣ የጥጥ ክር፣ በእስር በእስር ታሽጎ። ታሪፉን ራሴ ኢንተርኔት ላይ አየሁት፣ የሻማ ቁጥሩ 3406.00 ላይ ነፃ ነው የሚለው። የቻይና ዕቃ ላይ የተጨመረውንም ታሪፍ ሂሳብ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ከዚያ አንድ ብሮከር (የጉምሩክ አስፈጻሚ) ጋ ብደውል "እህቴ ይሄ አንቲ ዳምፒንግ አለበት፣ 108 ፐርሰንት ነው" ብሎኝ እርፍ። ሻማ እኮ ነው፣ ብረት አይደለም! ፋብሪካውን ስጠይቃቸው ደግሞ "አትጨነቂ፣ በዲዲፒ፣ ማለትም ጭነቱንም ቀረጡንም እኛ ከፍለን ቤትሽ ድረስ እናደርስልሻለን፣ ካልፈለግሽ በማሌዢያ በኩል ዞሮ ይመጣል፣ ሁሉም ደንበኞቻችን እንደዛ ነው የሚያደርጉት" አሉኝ። ማንን ልመን? በቤተ ክርስቲያን ስም ቢገባስ ይቀንሳል? የሚያውቅ ካለ እባካችሁ፣ ገና ብር አላኩም።

ካርጎ_ሲያትል
እህቴ እንኳን ብር ሳትልኪ ጠየቅሽ። ብሮከሩ ያለሽ ልክ ነው። እኔ የምሠራው ብሮከር ቢሮ ነው፣ የቻይና ሻማ ደግሞ በዚህ ሀገር ከቆዩት የአንቲ ዳምፒንግ ትእዛዞች አንዱ ነው። የአሜሪካ ሻማ ሠሪዎች ማህበር በ1985 ከሰሰ፣ ትእዛዙ በነሐሴ 1986 ወጣ (ሁሉንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የኬዝ ቁጥሩ ኤ-570-504 ነው፣ እሱን ፈልጊው። ሲጀመር 54.21 ፐርሰንት ነበር፣ በኋላ እንደገና ሲያሰሉት (ሪቪው ይሉታል) 108.30 ገባ፣ የራሱ የተለየ ሬት (መጠን) የሌለው የቻይና ላኪ ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚወድቀው። በ14,000 ዶላር ዕቃ 15,162 ዶላር ማለት ነው፣ ሌላውን ሁሉ ሳይጨምር።

ለምን ታሪፉ ላይ አላየሁትም ላልሽው፣ አንቲ ዳምፒንግ ታሪፉ መጽሐፍ ውስጥ አይጻፍም። እዛ ያለው መደበኛው ቀረጥ ብቻ ነው። ዳምፒንግ የሚባለው አንድ ፋብሪካ ዕቃውን ሀገሩ ከሚሸጥበት ወይም ሊሸጥበት ከሚገባው ዋጋ አሳንሶ ውጭ ሲሸጥ ነው፣ ንግድ ሚኒስቴራቸው ልዩነቱን ያሰላል፣ የንግድ ኮሚሽናቸው ደግሞ የሀገር ውስጥ አምራቹ ተጎድቷል ወይ ብሎ ይወስናል፣ ሁለቱም አዎ ካሉ ትእዛዝ ይወጣል። ቻይናን ነፃ ገበያ ናት ብለው ስለማይቀበሉ የቻይናን ዋጋ ትተው የሌላ ሀገር ዋጋ ወስደው ነው የሚያሰሉት፣ ለዚህ ነው ቁጥሩ እንዲህ ሰማይ የሚነካው። በየ5 ዓመቱ ይነሳ ወይስ ይቀጥል ብለው ያዩታል፣ ይሄኛው እስካሁን ሁሌም ይቀጥል ነው የተባለው።

የትእዛዙ ቃል ላይ የፔትሮሊየም ሰም ሆኖ የጨርቅ ወይም የወረቀት ክር ያለው ይልና ቅርጾቹን ሲዘረዝር መጀመሪያ የሚጠራው ቀጭኑንና ረጅሙን ነው። ጧፍ ቁልጭ ብሎ እሱ ነው። የዘንባባ ዘይት ሰም ደባልቀን እናምልጥ ያሉም ነበሩ፣ በ2006 የተደባለቀውንም አስገቡት።

አቡሽ_ቪኤ
ታዲያ የልደት ሻማ ነው ብላ አታስገባውም? የልደት ሻማ ነፃ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ ሃሃ

ካርጎ_ሲያትል
የልደት ሻማ እውነትም ከትእዛዙ ውጭ ነው፣ ግን አቡሽዬ ክንድ የሚያህል ጧፍ ኬክ ላይ የሚሰካው ማነው? ከፍተው ያዩታል እኮ። ናሙና ወስደው ላቦራቶሪ ይልካሉ፣ ሰሙ ምን እንደሆነ እዛ ይታወቃል። ያኔ ቀረጥ ብቻ አይደለም፣ የሐሰት ዲክላሬሽን ቅጣት አለ።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ፣ እህቴ በጣም ያሳሰበኝ የፋብሪካው ምክር ነው። በማሌዢያ ማዞር የሚሉት ነገር ዕቃውን ማሌዢያዊ አያደርገውም። የሚታየው የት ተሠራ ነው እንጂ ከየት ተጫነ አይደለም፣ ዱባይም ቢያድር አዲስ አበባም ቢያድር ቻይና የተሠራ የቻይና ነው። ካርቶን ላይ ሌላ ሀገር መለጠፍ ወንጀል ነው። በ2016 የወጣ ሕግ አለ፣ ማንኛውም ተወዳዳሪ ነጋዴ "እገሌ እያዞረ እያስገባ ነው" ብሎ ለጉምሩክ ማመልከት ይችላል፣ ምርመራው በተከፈተ በ90 ቀን ውስጥ ጊዜያዊ እርምጃ ይወስዱብሻል።

ዲዲፒውን ደግሞ ወረቀቱ ላይ ኢምፖርተር ኦፍ ሬከርድ (ለጉምሩክ ተጠያቂው አስመጪ) ማን ተብሎ ነው የሚገባው ብለሽ ጠይቂያቸው። ያንቺ ስምና የታክስ ቁጥር ከሆነ ቀረጡን እነሱ ከፈሉም አልከፈሉም ዕዳው ያንቺ ነው። ይባስ ብሎ አንቲ ዳምፒንጉን ላኪው ከከፈለልሽ ወይ ከመለሰልሽ ቀረጡ እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ሂሳቡ ከመዘጋቱ በፊት "ላኪው አልተካልኝም" የሚል የፊርማ ወረቀት የሚጠየቀው፣ ካላቀረብሽ ተክቶልሻል ብለው ነው የሚገምቱት። የማታውቂውን የማን እንደሆነ የማይታወቅ ካምፓኒ ስም ከተጠቀሙ ደግሞ ዕቃው ፖርት ላይ ሲያዝ ማንንም ደውለሽ አታገኚም።

በቤተ ክርስቲያን ስም ላልሽው፣ ለሃይማኖት ተቋም ተብሎ የሚቀር አንቲ ዳምፒንግ የለም።

ሀይሌ_ፍራንክፈርት
እኛ ጋም ሻማ አያስቀምጠንም። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 የቻይና ሻማ ላይ አንቲ ዳምፒንግ ጥሎ በ2015 አነሳው፣ ሰው አረፍኩ ሲል በ2024 መጨረሻ አዲስ ምርመራ ከፈቱ፣ በ2025 ጊዜያዊ ቀረጥ መጣ። ግን እዚህ ዕቃው የገባበት ቀን የከፈልሽው በቃ ያው ነው። አሜሪካ እንደሱ አይደለም ሲሉ እሰማለሁ፣ ከዓመታት በኋላ ጨምሩ የሚል ደብዳቤ ይመጣል የሚባለው እውነት ነው?

ካርጎ_ሲያትል
እውነት ነው ሀይሌ፣ ሰው የሚከስረውም በሱ ነው። እዚህ ስትገባ የሚከፈለው ዲፖዚት ነው እንጂ የመጨረሻው ሂሳብ አይደለም። ትእዛዙ በወጣበት ወር፣ ለሻማ ነሐሴ ነው፣ አምራቾቹ ወይ ላኪው ወይ አስመጪው ያለፈውን ዓመት እንደገና አስሉልን ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ማንም ካልጠየቀ በዲፖዚቱ ይዘጋል። ከተጠየቀና ሬቱ ከጨመረ ልዩነቱን ከነወለዱ ያስከፍሉሃል፣ ዕቃውን ሸጠህ ጨርሰህ ብሩንም በልተኸው። ከቀነሰ ይመልሳሉ፣ እሱም አለ። ቦንድ (ለቀረጡ የሚያዝ ዋስትና) የገዛህበት ኢንሹራንስ ከፈለልኝ ብለህ እንዳትተኛ፣ እሱም ዞሮ አንተን ነው የሚጠይቀው።

እግረ መንገዴን፣ በ2000 በወጣ ሕግ የተሰበሰበው አንቲ ዳምፒንግ ለከሳሾቹ ፋብሪካዎች ይከፋፈል ነበር፣ ሻማ ሠሪዎቹ ከዚያ ብዙ ብር ካፈሱት ውስጥ ናቸው። የዓለም ንግድ ድርጅት ልክ አይደለም አላቸውና በ2006 ሕጉን ሻሩት። መክሰስም መካስም አንድ እጅ ላይ ሲሆን ማን ትእዛዙ ይነሳልኝ ይላል።

ማርና_ሰም_አዲስ
ሰላም ለሁላችሁ ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ማርና ሰም ላይ ነው የምሠራው። ይቅርታ እህቴ ግን ፓራፊን ጧፍ ምን ያደርግልሻል? ጧፍ ማለት የንብ ሰም ነው፣ ክሩ ተገምዶ ሰም ውስጥ እየተነከረ በእጅ እየታሸ የሚወጣ፣ ሲነድ ሽታው ራሱ ሌላ ነው። ያ ትእዛዝ የፔትሮሊየም ሰም ከቻይና ነው የሚለው፣ የኛ የንብ ሰም ነው፣ ሀገሩም ሌላ ነው፣ በሁለቱም በኩል አይነካሽም። ከንግድ ምክር ቤት የሥሪት ሀገር ሰርተፊኬት እናወጣለን። ዋጋው ከፓራፊን በጣም ይወደዳል፣ እሱን አልደብቅሽም።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ገበያ ላይ ፓራፊን የተቀላቀለበት ሰም ሞልቷል። "ንጹህ የንብ ሰም" ብለሽ ጽፈሽ ላብ ውስጥ ሌላ ከተገኘ ያሳፍራል፣ ሳምፕል አስልኪ፣ አስመርምሪ፣ ከዚያ ክፈዪ።

እኛ ጋ አስመጪውን የሚያስጨንቀው አንቲ ዳምፒንግ አይደለም፣ የዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት ራሱ በፈረንጅ በ2003 አመልክተን ስንደራደር ነው የኖርነው። እኛን የሚያስጨንቀን ቀረጡ ላይ ሱር ታክስ 10፣ ቫት 15፣ ዊዝሆልዲንግ 3 እየተደራረበ ከመምጣቱ በላይ ኢንቮይስህን አናምንም ተብሎ በሌላ ዋጋ መገመቱ ነው። እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

ሱቅ_ሜሪላንድ
ኧረ በእውነት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቻይናውን ትቼዋለሁ፣ በዲዲፒ ያሉኝንም። ካርጎ ወንድሜ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ የንብ ሰሙ በጣም ከተወደደብኝ ፓራፊኑን በጥሬው እዚህ ገዝቼ ክሩን አስገምጄ እዚሁ ባሠራውስ? ሰፈሬ ያሉ እናቶች ድሮ ሀገር ቤት ይሠሩ ነበር፣ እጃቸው አልረሳውም። እሱስ አንቲ ዳምፒንግ ውስጥ ይገባል?

ካርጎ_ሲያትል
አይገባም። ትእዛዙ ያለቀለት ሻማ ላይ ነው እንጂ ጥሬ ሰም ላይ አይደለም፣ እዚህ የተሠራ ደግሞ ኢምፖርት አይባልም። ኮስሞቲክስና ሻማ ማምረቻ የሚሸጡ ሱቆች ሰሙን በብሎክ ይሸጣሉ፣ የጥጥ ክሩንም። እሳት ነገር ስለሆነ ኢንሹራንስሽን ጠይቂ፣ ማሸጊያው ላይም የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይኑር።

የንብ ሰሙን ከአዲስ አበባ የምታስመጪ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን እንዲህ አዘጋጂ፦ ኢንቮይሱ ላይ "ሻማ" ብቻ ብለው እንዳይጽፉ፣ የንብ ሰም መሆኑ፣ ክሩ ጥጥ መሆኑ፣ ኢትዮጵያ መሠራቱ ተዘርዝሮ ይጻፍ፣ ሳጥኑም ላይ የሥሪት ሀገሩ በእንግሊዝኛ ይታተም። በመርከብ ከሆነ የሴኩሪቲ ፋይሊንጉ (ስለ ጭነቱ አስቀድሞ ለጉምሩክ የሚላከው መረጃ) ዕቃው መርከብ ላይ ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት መግባት አለበት፣ ካረፈደ እስከ 5,000 ዶላር ይቀጡሻል፣ ለትንሽ ዕቃ በአየር ይሻልሻል። ከ800 ዶላር በታች በነፃ ይገባል የሚልሽ ካለ እሱ ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። ፋሲካን አስበሽ ከሆነ አሁኑኑ ጀምሪ፣ ሳምፕሉ ራሱ ጊዜ ይበላል።

አቡሽ_ቪኤ
እናቶች የሚሠሩት ከሆነ እኔ ከቨርጂኒያ መጥቼ እገዛለሁ፣ እስሩ ስንት ነው?