ፌስታልና ሰጋቱራ በአንድ ምድጃ፦ ለፉሪ ይበጃል?

የፉሪ ነዋሪ፦ በእሑዱ የሰፈር ስብሰባ፣ በሰፈራችን ሊተከል ስለታሰበው የፓይሮሊሲስ ምድጃ (ቆሻሻን ያለ አየር አሙቆ ዘይት የሚያወጣ) ሊያስረዱን የመጡት ሰው «ቆሻሻ የሚባል የለም፤ ሁሉም ነዳጅ ነው» ብለውን መሄዳቸው እስካሁን ያንገበግበኛል። ሰጋቱራውን፣ የጫት ገረባውንና ፌስታሉን አንድ ላይ ከትተው ዘይት ሊያወጡ ነው። ጭሱን የምንተነፍሰው እኛ ነን።

የኬሚስትሪ መምህር፦ እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል፤ ነገር ግን ይህ ማቃጠል አይደለም። ኦክስጅን በማይገባበት ዝግ ምድጃ፣ ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ቁሱ ወደ ጋዝ፣ ዘይትና ከሰል ይለወጣል። ከሰጋቱራ ብቻ የሚገኘው ዘይት ውሃ የበዛበትና ብረት የሚበላ አሲዳም ነው። ፌስታል በሃይድሮጅን የበለጸገ ስለሆነ አብሮ ሲገባ በዘይቱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ የሚሰጠውም ሙቀት ይጨምራል። ሁለቱን መቀላቀል ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የአቃቂ ልጅ፦ መምህር፣ እርስዎ ያስረዱን ስለ ፌስታል ነው፤ ሰውየው ያሉት ግን «ሁሉም» ነው። የውሃ ቱቦና የሽቦ ልባስ የሚሠራበት ፒቪሲ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ክሎሪን ነው፤ ሲሞቅ የሚወጣው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ምድጃውንም ሳንባንም ይበላል። ሃይላንዱም ቢሆን ዱቄት መሰል አሲድ እያወጣ ቱቦ ይደፍናል። ደግሞስ ሃይላንዱን ቆራሌው መቼ ይተወዋል? የሚተርፈን የወጥ ትራፊና ጭቃ የተለወሰበት ፌስታል ነው። እሱን ለማድረቅ የሚያልቀውን ማገዶ ማን አሰላው?

የረጲ ጎረቤት፦ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት እንዲያመነጭ በነሐሴ 2010 የተመረቀው የረጲ ማመንጫም ክምሩን አላጠፋልንም። ስለዚህ ክምሩን በጥቂቱም ቢሆን የሚቀንስ ሙከራ ካለ ይሞከር፤ የሩቅ ሰው «ይቅር» ማለት ይቀለዋል።

የፉሪ ነዋሪ፦ ፉሪ ለቆሼ ሩቅ አይደለችም፣ ወንድሜ። የሰንዳፋ ገበሬዎችም በ2008 ዓ.ም. በደጃቸው የተከፈተውን የቆሻሻ መጣያ የተቃወሙት ሳያማክሯቸው ስለመጣባቸው ነው። እኛንም ያማከረን የለም፤ «ሁሉም ነዳጅ ነው» ተብሎ ተነገረን እንጂ።

የኬሚስትሪ መምህር፦ ረጲ በእሳት የሚያቃጥል ነውና ከዚህ ጋር አይምታታ። «ሁሉም» መባሉ ስህተት መሆኑን እቀበላለሁ። መለየት ግን ይቻላል፤ ውሃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ፌስታል ይንሳፈፋል፣ ፒቪሲና ሃይላንድ ይሰጥማሉ።

የአቃቂ ልጅ፦ እንግዲያው ፌስታሉ ከገንዳው እንደገና ረጥቦ ይወጣል፤ የማድረቁ ጥያቄ ባሰበት ማለት ነው። ያ የታጠበበት ውሃስ ወዴት ይለቀቃል? ከእኛ በታች በአቃቂ ወንዝ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ። የገንዳው ውሃ መሄጃ በወረቀት ተጽፎ ካልቀረበልን በበኩሌ ምድጃው ይተከል ብዬ አልፈርምም።

የረጲ ጎረቤት፦ አንተ ወረቀት እስኪጻፍልህ ክምሩ እኛ ላይ ይጨመራል።