ሦስት ጥይት ተኩሶ በርሜሉ መጥፎ ነው ማለት ይቻላል?

ቶርኖ ቤት፦

ሰላም ቤተሰብ። እኔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው። ቀድሞ ፒያሳ ነበርን፤ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ወደዚህ መጣን። ጠመንጃ የለኝም። ብረት መለካት ግን እንጀራዬ ነው፤ ካሊፐር ሳልይዝ የዋልኩበት የሥራ ቀን ትዝ አይለኝም።

ታላቅ ወንድሜ ሚኒሶታ ነው ያለው። ኅዳር ሲገባ ፈቃዱን አውጥቶ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር አጋዘን ያድናል። ጠመንጃው .308 ዊንቸስተር የሚባለውን ጥይት ነው የሚጎርሰው። ዘንድሮ የቆየው በርሜል ስላለቀ ሌላ ድርጅት የሠራውን ምትክ ገዝቶ አስገጠመበት። ብዙ ወር ያጠራቀመው ገንዘብ ነው። ሻጩ “በ100 ያርድ ሦስት ጥይት ከአንድ ኢንች አይሰፋም” ብሎ ጽፏል። 100 ያርድ ማለት 91 ሜትር ከ44 ሴንቲ፣ አንድ ኢንች ደግሞ 2.54 ሴንቲ ነው።

ወንድሜ አራት ወረቀት ላይ ሦስት ሦስት ጥይት ተኮሰ። ሁለቱን ቅዳሜ፣ ሁለቱን እሁድ። ፎቶውን በቴሌግራም ላከልኝ። ደግነቱ ከእያንዳንዱ ወረቀት ጎን የአሜሪካ ሩብ ዶላር ሳንቲም አስቀምጧል። የሳንቲሟ ስፋት 24.26 ሚሊ ሜትር ነው። በእሷ ልክ አስተካክዬ ማተሚያ ቤት ወስጄ በትክክለኛ መጠኑ አሳተምኩት። በጣም ከተራራቁት ሁለት ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል ስለካ 1.8፣ 4.1፣ 2.3 እና 3.7 ሴንቲ ሜትር አገኘሁ።

ወንድሜ ተናዷል። “ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ” ይላል። በርሜሉን አስወልቆ ሊጥለው ነው። እኔን ግን አልዋጥልህ አለኝ። አንድን ዘንግ ሦስት ቦታ ብቻ ለክቼ ጠማማ ነው ብዬ አልጥልም። እናንተ በርሜል ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው የምትሉት በምንድን ነው?

የግምጃ ቤት ሰው፦

ልጄ፣ በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት መሣሪያ ስጠግን ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ።

ወጣት ሳለሁ አንድ አሮጌ የቤልጂግ ማውዘር መጣልኝ፤ ባለ 7.92 ሚሊ። አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ይመታል። በርሜሉን ሳላየው “አልቋል፣ ይወገድ” ብዬ መዝገብ ላይ ጻፍኩ። አለቃዬ አንብቦ ምንም ሳይናገር ጠመንጃውን ገለበጠውና እንጨቱን ከብረቱ ጋር የሚያስረውን የፊተኛውን ብሎን በአውራ ጣቱ ነካው። ዞረ። በጣት ዞረ! በመፍቻ አጥብቆ በ50 ሜትር አምስት ጥይት ተኮሰ። አምስቱም በክብሪት ሳጥን የሚሸፈኑ ነበሩ። ያንን መዝገብ በገዛ እጄ ሰረዝኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ በርሜልን የምጠረጥረው መጨረሻ ላይ ነው።

ስለዚህ ለወንድምህ ንገረው። መጀመሪያ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ማሰሪያ ብሎኖች ይይ። ቀጥሎ የእንጨቱን ብሎኖች። ቀጥሎ ጥይቱን፤ ከሁለት ዓይነት ካርቶን ቀላቅሎ ተኩሶ ከሆነ አራቱ ወረቀቶች ምንም አይነግሩህም። አንዱ በርሜል አንዱን ጥይት ይወዳል፣ ሌላውን ይጠላል። ይህን ስንት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ነው ወደ በርሜሉ የሚኬደው። ጥይት እንደሌለበት ሁለቴ አይቶ መዝጊያውን ያውጣ። ከኋላ በኩል ወደ መስኮት ብርሃን ይመልከት። ውስጡ ላይ የብርሃን ቀለበቶች ያያል። ቀለበቶቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ መሃል ለመሃል ከተቀመጡ ቀጥ ያለ ነው። ወደ ጎን ካጋደሉ ጠማማ ነው።

ከዚያ አፈሙዙ። ጥይቱ ሲወጣ መጨረሻ የሚነካው ያንን ጠርዝ ነው። እዚያ ላይ ፀጉር የምታህል ጭረት ካለች ጋዙ በአንድ በኩል ቀድሞ ይወጣና ጥይቱን ይገፋዋል። በዓይን ካልታየው የጆሮ ጥጥ ይያዝ። ከውስጥ ወደ ውጭ በጠርዙ ዙሪያ ቀስ ብሎ ይጎትተው። ጭረት ካለ ጥጡን ነጭቶ ያስቀረዋል፤ የቀረውን ክር ራሱ ያየዋል።

መጨረሻ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ በዘንግ ከኋላ ወደ ፊት ይግፋ። እጁ ይነግረዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከያዘ ጥሩ ሥራ ነው። መሃል ላይ ድንገት ለቀቅ ካለ እዚያ ጋ ሰፍቷል። አፈሙዙ አካባቢ ትንሽ ቢጠብቅ አልፈራም። ወደ አፈሙዙ ሲቃረብ ከላላ ግን ያ በርሜል አይወደድም።

ስታት አራት ኪሎ፦

ጋሼ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ስለ ቁጥሮቹ ልናገር። ብዙ ዓመት ስታቲስቲክስ አስተምሬያለሁ፤ ይህ የሦስት ጥይት ነገር ከልቤ የሚያናድደኝ ነው።

ሦስት ጥይት ሲተኮስበት በአማካይ 3 ሴንቲ የሚሰፋ በርሜል አለ እንበል። ምንም እንከን የለበትም። ንፋስ የለም፣ ተኳሹም አይንቀጠቀጥም። ይህ በርሜል እንኳ በየጊዜው 3 ሴንቲ አያወጣም። ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ከ2 ሴንቲ ያነሰ ወይም ከ4 የበለጠ ቢያወጣ የሚገርም አይደለም። የአራቱ ወረቀት አማካይ ደግሞ 2.98 ነው። ስለዚህ 1.8 “በርሜሉ ጥሩ የሆነ ቀን”፣ 4.1 ደግሞ “የተበላሸ ቀን” አይደለም። ሁለቱንም ያወጣው ያው አንድ በርሜል ነው።

ሌላው፣ ጥይት በጨመርክ ቁጥር ስፋቱ ያድጋል። ያው ባለ 3 ሴንቲ በርሜል በአምስት ጥይት 3.8፣ በአሥር ጥይት 4.7 ግድም ይደርሳል። አንዱ ሻጭ በሦስት ጥይት አንድ ኢንች፣ ሌላው በአሥር ጥይት አንድ ኢንች ካለ፣ የኋለኛው በርሜል እጅግ የተሻለ ነው። ማስታወቂያው ላይ ግን እኩል ይመስላሉ። ሰው ላቡን ያፈሰሰበትን ገንዘብ በዚህ መታለል የለበትም። ስንት ጥይት ነው? ስንት ወረቀት ነው? አማካዩ ነው ወይስ ተመርጦ የወጣው ትንሹ? እነዚህን ያልጻፈ ሻጭ ምንም አልነገረህም።

አንድ ነገር ሞክርልኝ። አራቱን ወረቀቶች የዓላማው ነጥብ በነጥቡ ላይ እንዲያርፍ ደራርባቸው። አሥራ ሁለቱንም ቀዳዳ አንድ ላይ እንያቸው።

ስደተኛው አዳኝ፦

እኔም እዚህ በርሜል ቀይሬ ስለማውቅ አጠር አድርጌ። ተኳሾች ኤምኦኤ የሚሉት የማዕዘን ደቂቃ ነው፤ የአንድ ዲግሪ 60ኛ። በ100 ሜትር 2.9 ሴንቲ፣ በ100 ያርድ 2.66 ሴንቲ ይሆናል። አጋዘን ላይ ልብና ሳንባው ያለበት ቦታ 20 ሴንቲ ገደማ ስለሆነ የወንድምህ መሣሪያ አሁን ባለበትም ለአደን ይበቃል።

አሠራሩንም ይጠይቅ። በርሜሉ ውስጥ ጥይቱን የሚያሽከረክረው ጥምዝ ቦይ በቀጭን መቁረጫ ቀስ በቀስ የሚላግ አለ፤ ጊዜ ይፈጃል፣ ውድ ነው። ጠንካራ ቡሽ መሳይ ብረት በውስጡ ተስቦ ቦዩን በግፊት የሚያወጣም አለ፤ ርካሽ ነው፣ ግን ከዚያ በኋላ ብረቱ በሙቀት ካልተዝናና በውስጡ ውጥረት ይቀራል። ሁለቱም ጥሩ በርሜል ይወጣቸዋል። ሸካራ ከሆነ የሚታወቀው ሲጸዳ ነው፤ የጥይቱ ልባስ መዳብ በብዛት ስለሚጣበቅበት በመዳብ ማጽጃ ፈሳሽ የራሰው ጨርቅ ሰማያዊ እየሆነ አልጠራ ይላል።

ከሁሉ በላይ ግን የገጠመው ባለሙያ ጥይቱ የሚጎርስበትን ጥልቀት በመለኪያ ማየቱን ያረጋግጥ። ያ ከተሳሳተ ቀለሁ ፊቱ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ቶርኖ ቤት፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

አራቱን ወረቀቶች ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ደራረብኳቸው። የሱቃችን መስታወት ላይ በፕላስተር ለጥፌ፣ ከውጭ ፀሐይ እየገባባቸው። ላያቸው ላይ ስስ ወረቀት አድርጌ አሥራ ሁለቱን ቀዳዳ በእርሳስ አነሳኋቸው። ጠቅላላ ስፋቱ 6.2 ሴንቲ ሆነ። ግን የገረመኝ ስፋቱ አይደለም። የቅዳሜዎቹ ስድስት በግራ ተሰብስበዋል፤ የእሁዶቹ ስድስት በቀኝ። በመሃል ጣት የሚያስገባ ባዶ ቦታ አለ።

ስታት አራት ኪሎ፦

ከአማካዩ ብንነሳ ለ12 ጥይት የምጠብቀው 4.9 አካባቢ ነበር። 6.2 እና ሁለት ክምር ከሆነ በቅዳሜና በእሁድ መካከል የተንቀሳቀሰ ነገር አለ። በርሜል ሌሊት ተነስቶ አይሄድም።

የግምጃ ቤት ሰው፦

ብሎን ነው ልጄ። መፍቻ ይዞ ይቅረብ።

ቶርኖ ቤት፦

ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። የመነጽሩ የኋላ መቀመጫ ብሎን ላልቶ ተገኝቷል። ወንድሜ ሲያጠብቀው ሩብ ዙር ያህል ሄደለት። የመጎረሻውን ጥልቀትም ባለሙያው እንደገና በመለኪያ አይቶ ደህና ነው ብሎታል። የጆሮ ጥጡን ሞክሯል፣ አንድም ክር አልቀረም። ጨርቁም እኩል ነው የሄደው።

ትናንት ከአንድ ካርቶን አሥር ጥይት በአንድ ወረቀት ላይ ተኮሰ። ሳንቲሟን አጠገቡ አድርጎ ላከልኝ። አሳትሜ ለካሁት፤ 3.4 ሴንቲ ሜትር። መምህር፣ በእርስዎ ሂሳብ ወደ ሦስት ጥይት ስመልሰው 2.15 ይመጣል፤ ሻጩ ካለው ኢንች በታች ነው። በአንድ ወረቀት እንዳልፈርድ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ አሥር ይደግማል።

በርሜሉን አልጣለውም። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት “ያንን የግምጃ ቤት ሰውዬ ስልካቸውን ባገኝ ቡና እጋብዛቸው ነበር” አለኝ። ጋሼ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ካለፉ እኔ በእሱ ፈንታ እጋብዝዎታለሁ።