ማሞቂያው ጠፍቶም ቧንቧው ይነዝራል

በማከራየው ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ 50 ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ አለ። ተከራዮቼ በእርጥብ እጅ የቧንቧውን መክፈቻ ሲነኩ ይነዝራቸዋል። ባለሙያ ጠርቼ የማሞቂያውን ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀውን ክፍል) አስቀየርኩ፤ ንዝረቱ ግን እንዳለ ነው። የሚገርመው፣ የማሞቂያው ብሬከር ጠፍቶም ቴስተሩ (ኤሌክትሪክ መኖሩን በመብራት የሚያሳየው መፈተሻ) ቧንቧው ላይ ሲያርፍ ይበራል፤ የሚጠፋው ዋናው ብሬከር ሲወርድ ብቻ ነው። ባለሙያው አሁንም «አዲስ ማሞቂያ ይግዙ» ባይ ነው፤ እኔን አላሳመነኝም። የመሬት ሽቦው (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው) ከማከፋፈያ ሳጥኑ ወጥቶ ግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ መድረሻው አይታይም። ተከራዮቼ ትንሽ ልጅ ስላላቸው ለጊዜው መታጠቢያ ክፍሉን ዘግተነዋል። ግድግዳ ከማስፈረሴ በፊት፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ቧንቧው የሚገባው በየትኛው መስመር ወይም ዕቃ በኩል እንደሆነ ለይቶ ለማወቅ ፍተሻው ከየት ቢጀመር ይሻላል?