ክርክር፦ ስኳር ሱስ ያስይዛል? ሱስ የሚባለውስ የቱ ጋ ሲደርስ ነው?

አቤል፦
«ስኳር ከኮኬይን በላይ ሱስ ያስይዛል» የሚል ቪዲዮ ሰሞኑን በየቴሌግራሙ እየተቀባበልነው ነው። እኔ አባባሉ ስህተት ነው ባይ ነኝ። ምክንያቴን ላስቀምጥና ተከራከሩኝ። ዓመቶቹን ሁላችንም በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ።

የወሬው ምንጭ አይጥ ነው። በ2007 ፈረንሳይ ቦርዶ ውስጥ ተመራማሪዎች አይጦችን በአንድ በኩል ኮኬይን፣ በሌላ በኩል በሳካሪን የጣፈጠ ውሃ አስመረጧቸው። አብዛኞቹ ጣፋጩን መረጡ። ሳካሪን ግን ስኳር አይደለም፣ ካሎሪም የለውም። በስኳር ሲሞከርም ተመሳሳይ ምርጫ ታይቷል፤ ቢሆንም አንድ እንስሳ ከሁለት ነገር አንዱን መረጠ ማለት በመረጠው ነገር ታሰረ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ምንጭ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ባርት ሆብልና ኒኮል አቬና የሠሩት ነው። አይጦቹን በየቀኑ 12 ሰዓት ምግብ ይከለክሏቸውና በቀሪው 12 ሰዓት መኖና የስኳር ውሃ ይሰጧቸዋል። አይጦቹ ስኳሩ ሲመጣ መስገብገብ ጀመሩ፤ ናሎክሶን የሚባለው እንደ ሞርፊን ያሉ የኦፒየም ወገን መድኃኒቶችን ሥራ የሚያከሽፍ መድኃኒት ሲሰጣቸው ደግሞ ሱስ እንደተቋረጠባቸው ሁሉ ጥርሳቸው ተንገጫገጨ፣ ተንቀጠቀጡ። ነገር ግን ስኳሩን ቀን ከሌት ሳይከለከሉ ያገኙት አይጦች እንዲህ አልሆኑም። ታዲያ ይህ የስኳሩ ሥራ ነው ወይስ የረሃቡ? በ2016 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ማስረጃውን ሁሉ አገላብጠው የደረሱበት ይኸው ነው፦ ሱስ የሚመስለው ባሕርይ የሚታየው ስኳሩ እየተከለከለ ሲሰጥ ብቻ ነው፣ በሰው ላይ ያለው ማስረጃም ጥቂት ነው።

ከአገራችንም ልጨምር። ስኳር ከየሸማቾች ማኅበሩ ሲጠፋ ሰው ተሰልፏል፣ ተማሯል፣ በውድ ገዝቷል። ያጣው ደግሞ ቡናውን በጨው ወይም ባዶውን ጠጥቶ ወደ ሥራው ሄዷል። ሲጋራ በአንድ ጊዜ ከከተማው ቢጠፋ ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አያልፍም ነበር።

ገነት፦
አቤል፣ ስለ አይጦቹ ያልከውን እቀበላለሁ። የሰልፉ ምሳሌህ ግን አላሳመነኝም። ሱስን በመንቀጥቀጥ ብቻ ከለካነው ቁማርን ምን ልንለው ነው?

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ያወጣው መመሪያ፣ ዲኤስኤም 5 የሚባለው፣ ለመጠጥና ለአደንዛዥ ዕፆች 11 መለኪያ ያስቀምጣል። በ12 ወር ውስጥ ሁለቱ ከተገኙ ሰውየው ችግሩ አለበት ይባላል፤ ቁጥራቸው በጨመረ መጠን ደረጃው ይከብዳል። ሲያጡት መታመምና መጠኑን እየጨመሩ መሄድ ከ11ዱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ካሰቡት በላይ መውሰድ፣ ልቀንስ ብሎ አለመቻል፣ ብርቱ አምሮት፣ እየጎዳ መሆኑን እያወቁ መቀጠል፣ በዚህ ምክንያት ሥራንና ቤተሰብን መበደል፣ እነዚህም አሉ። ቁማር ወደ ሰውነት የሚገባ ምንም ነገር ሳይኖረው በዚያው የሱስ ምዕራፍ ውስጥ ገብቷል።

የምሠራው የስኳር ሕመም ክትትል ውስጥ ነው። እግራቸው ቆስሎ፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ከልጆቻቸው ደብቀው የሚጠጡ ሰዎች አያለሁ። ማቆም ይፈልጋሉ። እያለቀሱ ይነግሩኛል። እነዚህን ሰዎች «ምርጫችሁ ነው» ማለት ይከብደኛል።

ሐያት፦
ፋርማሲ ስለተማርኩ አንድ ነገር ልለይ፤ ሁለታችሁም ስለ ሁለት የተለያየ ነገር እያወራችሁ ነው።

ሰውነት አንድን ነገር መልመዱና ሰው በዚያ ነገር ሱስ መያዙ አንድ አይደለም። የካንሰር ሕመምተኛ ለወራት ሞርፊን ሲወስድ ሰውነቱ ይለምደዋል፤ በድንገት ቢቋረጥበት ይታመማል። ሱሰኛ ነው አይባልም። ቡናን እዩት። ጠዋት ቡና ሳይጠጣ ራሱን የሚያመው ሰው በየቤታችን አለ። ያው የ2013 መመሪያ ካፌይን ሲቋረጥ የሚመጣውን ሕመም በይፋ ይቀበላል፤ «የካፌይን ሱስ» የሚለውን ግን ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል ብሎ ከዋናው ዝርዝር ውጭ አስቀምጦታል። ስኳር በዚያ መመሪያ ውስጥ ከሱስ ነገሮች አንዱ ሆኖ አልተጻፈም።

ዶፓሚን ዶፓሚን እያሉ የሚያስፈራሩትም አለ። ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ኬሚካል ነው፤ ደስ የሚል ነገር ባገኘን ቁጥር ይጨምራል፤ ዘፈን ስንሰማም፣ ልጃችን ስትስቅም። ኮኬይን የሚለየው የተለቀቀውን ዶፓሚን ነርቮቹ መልሰው እንዳይሰበስቡት ራሱ በመዝጋቱ ነው። ኒኮቲን በቀጥታ ነርቮቹ ላይ ያለውን መቀበያ ይይዛል። ስኳር የሚያልፈው እንደማንኛውም ምግብ በምላስና በአንጀት በኩል ነው፤ ምግቡ ሲለመድ ደግሞ የዶፓሚኑ ምላሽ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። በእነ አቬና አይጦች ላይ ያልቀዘቀዘው ተርበው እየተሰጣቸው ስለነበረ ነው።

ጋሽ ታደሰ፦
ልጆች፣ ያደግሁት ወንጂ ነው። የስኳር ፋብሪካው ሥራ የጀመረው በ1954 ነው። ከሸንኮራው መሐል ነው የኖርነው፤ እስኪበቃን በልተን ወደ ጨዋታችን እንሄድ ነበር። አገዳውን እያኘክህ ጥርስህና መንጋጋህ ስለሚደክም ራሱ «በቃህ» ይልሃል። ዛሬ የልጅ ልጄ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ በሁለት ትንፋሽ ይጨርሳል። በሁዳዴ ሥጋና ቅቤ ትተን ስኳሩን በሻይ፣ በጭማቂና በኬክ የምንጨምረው ነገርም ያሳስበኛል፤ ጾመን እንደ ዋልን ነው የምናስበው። ሱስ በሉት አትበሉት፣ መጠኑ ከእጃችን ወጥቷል።

ዳንኤል፦
ከሜሪላንድ ነኝ። ሐያት፣ ያልሽው ገብቶኛል፤ ግን ሁለቱንም ያየሁት ሰው ልንገርሽ።

ድሬዳዋ እያለሁ ጫት እቅም ነበር። ሀራራውን አውቀዋለሁ። ሳቆም ሰውነቴ ዛለ፣ ድብርት ተጫነኝ፣ ሌሊት ዱካክ እየመጣ ያፍነኝ ነበር። ያ አለፈ። ያላለፈልኝ ለስላሳው ነው። በርጫ ላይ ጫቱ ስለሚመር ለስላሳ ወይም በስኳር የወፈረ ሻይ ከጎን አይጠፋም ነበር፤ ጫቱን ስተው እሱ ተከተለኝ። እዚህ ደግሞ አንዴ ከፍለህ ብርጭቆህን እየደጋገምክ የምትሞላበት አገር ነው። ዱካክ የለውም፣ አልንቀጠቀጥም። ሐኪሜ የስኳር ሕመም ሊይዝህ ደርሷል ካለኝ በኋላም ግን መኪና ነድቼ ከሥራ ስወጣ እጄ ወደዚያው ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ከቀኑ ኃይላችን ከተጨመረ ስኳር (የማርና የፍራፍሬ ጭማቂ ስኳርንም ጨምሮ) የሚገኘው ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል ብሏል። ለአንድ አዋቂ ወደ 50 እና 25 ግራም መሆኑ ነው። እዚህ አንዱ ቆርቆሮ ኮላ ብቻ ወደ 39 ግራም ይይዛል። ይህን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ማወቄ አላስቆመኝም። ታዲያ ይህን ምን እንበለው?

ሐያት፦
ዳንኤል፣ ያንተን ነገር ቀላል አላደርገውም። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ኮላ ውስጥ ካፌይንም አለ፤ የምትፈልገው ስኳሩን ብቻ መሆኑን ማወቅ አይቻልም። ደግሞስ ስኳሩን ብቻውን ከዕቃው በማንኪያ እየዛቅህ ትበላለህ? አብዛኛው ሰው አይበላም። በ2009 የዬል ተመራማሪዎች የምግብ ሱስ መለኪያ መጠይቅ አዘጋጅተው ነበር። በኋላ ሰዎች መቆጣጠር የሚያቅታቸው ምግብ የትኛው እንደሆነ ሲጠየቁ ከላይ የወጡት ፒዛ፣ ቸኮሌት፣ ቺፕስ፣ ኩኪስና አይስክሬም ናቸው። ፒዛና ቺፕስ ጣፋጭ አይደሉም። እነዚህን የሚያመሳስላቸው ስብና ስኳር ወይም ስብና ዱቄት ተደባልቀው በፋብሪካ መሠራታቸው ነው።

በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ኬቨን ሆል የመራው ሙከራ ይህንኑ ያጠናክራል። 20 ሰዎች ሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተነካካ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው ምግብ ስኳሩም፣ ስቡም፣ ጨውም ተመጣጣኝ ነበር። የፈለጉትን ያህል ብሉ ሲባሉ በተቀነባበረው ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ በሉ። ስኳሩ እኩል ሆኖ ነው ይህ የሆነው!

ቤዛ፦
«ሱስ ነው» ለማለት የምንፈራበት ታሪክ እንዳለው አትርሱ። የአሜሪካ የጤና አለቃ በ1964 ስለ ሲጋራ ባወጣው ታዋቂ ዘገባ ሲጋራን ልማድ እንጂ ሱስ አላለውም። ሱስ ነው የተባለው በ1988 ነው፣ ከ24 ዓመት በኋላ። በ1994 እንኳ የትምባሆ ኩባንያ ኃላፊዎች ምክር ቤት ፊት ቃለ መሐላ ፈጽመው ኒኮቲን ሱስ አያስይዝም ብለዋል። ስኳርም ቢሆን ንጹሕ ታሪክ የለውም። የስኳር ኢንዱስትሪው የምርምር ድርጅት ለሃርቫርድ ተመራማሪዎች ከፍሎ፣ በ1967 ለልብ ሕመም ጥፋቱን ወደ ስብ የሚያዞር ጽሑፍ በትልቅ የሕክምና መጽሔት ወጥቷል፤ ነገሩ የታወቀው በ2016 ነው። ስለዚህ «ማስረጃው አልበቃም» ሲባል ማስረጃውን ማን ሲያዘገየው እንደኖረ እጠይቃለሁ።

አቤል፦
ቤዛ፣ ይህ ጠንካራ ነጥብ ነው። ኒኮቲን ላይ ግን ማስረጃው በመጨረሻ ሞልቶ የፈሰሰው በሰው ላይ ስለታየ ነው። ኩባንያ ስለዋሸ ብቻ ተቃራኒው እውነት አይሆንም።

ደግሞ እርምጃ ለመውሰድ ይህን ስም መጠበቅ አያስፈልገንም። እንግሊዝ ከ2018 ጀምሮ በ100 ሚሊ ሊትር 5 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር ባለው ለስላሳ ላይ ቀረጥ ጣለች። ብዙዎቹ አምራቾች ከቀረጡ ለማምለጥ ስኳሩን ራሳቸው ቀነሱ። ስኳር ሱስ ነው አይደለም የሚለውን ማንም አልወሰነም። እኛም በአዋጅ 1112/2011 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ስናስወጣ፣ ጠጪው ሁሉ ሱሰኛ ነው ብለን አልነበረም፤ ልጆች እያዩት ስለሚያድጉ ነው። ለልጆች የሚለፈፈው የለስላሳና የከረሜላ ማስታወቂያም በዚሁ መንገድ ሊታይ ይገባዋል።

ዳንኤልን ደግሞ እንዲህ እለዋለሁ፦ ያንተ መታሰር እውነት ነው። የምከራከረው «ስኳር» የሚባለው ነገር የቀመሰውን ሁሉ ያስራል በሚለው ላይ ነው።

ገነት፦
እንግዲያው ልዩነታችን ጠቧል። እኔም አንዳንድ ሰው ከጣፋጭ ጋር ያለው ግንኙነት ሱስ ይሆናል፣ እንደ ሱስም ሊታከም ይገባዋል እላለሁ፤ ስኳር የነካው ሁሉ ሱሰኛ ይሆናል አልልም። ከቁማርተኛው ጋር የሚያመሳስለው ይኸው ነው፤ ካርታ የተጫወተ ሁሉ ቤቱን አይሸጥም።

ነገር ግን ስለ ቪዲዮው ያልተነሳ ነገር አለ፣ እንዳትለጥፉት የምለምናችሁም በእሱ ምክንያት ነው። ቪዲዮው «ስኳር ስታቆሙ ብትንቀጠቀጡ፣ ቢያልባችሁ ሱሱ እየለቀቃችሁ ነው፣ ታገሱ» ይላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲያጠምቀው፣ ልቡ ሲመታ በደሙ ያለው ስኳር ወርዶ ይሆናል። ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ ከቆየ ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። ራሱን ካልሳተና መዋጥ ከቻለ ወደ 15 ግራም ስኳር፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ሞልቶ በውሃ በጥብጦ ወዲያው መጠጣት አለበት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገም። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታድርጉበት፣ ወደ ሐኪም ቤት አሩጡት። «ስኳር መርዝ ነው» ሲባል ሰምተው በዚያች ደቂቃ ስኳሩን የፈሩ ሕመምተኞች አጋጥመውኛል። እናት ወይም አባት ኢንሱሊን የሚወስዱባችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ደውላችሁ ይህን ንገሯቸው።