አራተኛውን ሱት ደግሜ ብጠራ ምን ማለት ነው?

ሰላም ለሁላችሁ። ብሪጅ (ሁለት ሁለት ሆነው በጥንድ የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ) የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ አንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን እንጫወታለን፤ በአንድ ጨረታ (ካርታ ከመጣሉ በፊት ስንት ዙር እንደምንወስድ በየተራ የምንጠራበት) ላይ ግን ከአጋሬ ጋር መስማማት አቅቶናል።

አጋሬ በ1 ኸርት ከፈቱ፤ እኔ 1 ስፔድ፣ እሳቸው 2 ክለብ። በእጄ የነበረው፦ ስፔድ አስ፣ ኪንግ፣ 8፣ 5፣ 3፤ ኸርት 7፣ 4፤ ዳይመንድ ኩዊን፣ 6፣ 2፤ ክለብ ኪንግ፣ ኩዊን፣ 6። 14 ነጥብ ይዤ ከጌም (ቦነስ ከሚያስገኘው ጥሪ) በታች መቆም አይታሰብም፤ ተቃራኒዎቻችን በዳይመንድ ከመጡብን ግን 3 ኖ ትራምፕ (የበላይ ሱት የሌለበት ጌም) ያሰጋል። ስለዚህ አራተኛውን፣ ማለትም ገና ያልተጠራውን ሱት (የካርታ ዓይነት) ጠራሁ፤ 2 ዳይመንድ። ዳይመንድ አለኝ ማለቴ ሳይሆን ስቶፐር (ተቃራኒዎቹ በዚያ ሱት በተከታታይ እንዳይወስዱ የሚያግድ ካርታ) ካለዎት ኖ ትራምፕ ይበሉ ማለቴ ነው። እሳቸውም 2 ኸርት አሉ፤ ስቶፐርም ሦስት ስፔድም የለኝም ማለታቸው ነው። እስከዚህ ተግባብተናል።

የጨነቀኝ ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። 3 ዳይመንድ ብዬ ብደግመው ግማሽ ስቶፐር (ብቻውን የማያግድ፣ ከኔ ካርታ ጋር ግን የሚያግድ) መጠየቂያ ይሁን ባይ ነኝ። ጃክና አንድ ትንሽ ካርታ ቢኖራቸው እኮ፣ አስና ኪንግ ከወጡ በኋላ የኔ ኩዊን አንድ ዙር በእርግጠኝነት ይይዛል! እሳቸው ደግሞ መድገም የእውነት ረጅም ዳይመንድ ማሳያ ነው ይላሉ። ታላቄ ስለሆኑ አጥብቄ መከራከር ይከብደኛል።

እናንተ በየትኛው ትጫወታላችሁ? 2 ዳይመንድስ አጋር ፓስ እንዳይል (ጥሪ እንዳያልፍ) የሚያስገድደው ለአንድ ዙር ጥሪ ብቻ ነው ወይስ እስከ ጌም? ለአንድ ዙር ከሆነ፣ 3 ዳይመንድ ላይ ፓስ ሊሉብኝ ይችላሉ ማለት ነው?